የሞተ ራውተር ሚሞሪ ቺፕን ማንበብ፣ መፈተሽና መልሶ መጻፍ፦ ደረጃ በደረጃ

ለገሃር አካባቢ ትንሽ የጥገና ክፍል አለችን። «አፕዴት እያደረግኩት መብራት ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ አልነሳ አለ» የሚል ሰው የማይመጣበት ሳምንት የለም። አንዳንዱ የራሱን ራውተር ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ጥገና እየተማረ ያለ ልጅ ነው፤ ፕሮግራመር ገዝቶ፣ ቪዲዮ አይቶ፣ ቺፑን ፍላሽ አድርጎ ጭራሽ ብሶበታል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቺፑን እንዴት ላንብበው? እንዴትስ ልጻፍበት?» ስለዚህ ሙሉውን እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ምሳሌዬ ተራ የቤት ዋይፋይ ራውተር ነው። ውስጡ ባለ 8 እግር ፍላሽ ቺፕ አለ፤ 8 ሜጋባይት ይይዛል። የብዙ ዲሽ ሪሲቨሮችና የላፕቶፕ ባዮስ ቺፕም አሠራሩ ያው ነው። ባለ 48 እግሩ ሰፊ የናንድ ቺፕ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተበላሹ ብሎኮችና የስህተት ማረሚያ ኮድ ስላሉት በዚህ መመሪያ አትንኩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። ቺፑ ተጠርጎ ገና ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ባዶ ቺፕ ነው።
- ሲኤች341ኤ የሚባለው የዩኤስቢ ፕሮግራመር።
- ባለ 8 እግር ክሊፕ ከነሽቦው። ገንዘባችሁ ለአንድ ጥሩ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ክሊፑ ላይ አውሉት። የርካሹ ክሊፕ ጥርስ ቶሎ ይላላል፤ አብዛኛው ራስ ምታት የሚመጣውም ከእሱ ነው።
- ዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያ፣ በ3.3 ቮልት የሚሠራ።
- መልቲሜትር።
- መበየጃ፣ ፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲፈስ የሚቀባ)፣ ቀጭን ሊድ። ሆት ኤር ካላችሁ የተሻለ ነው።
- አልኮልና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ።
- ሶፍትዌር፦ ዊንዶውስ ላይ ኒዮፕሮግራመር ወይም አስፕሮግራመር፣ ሊኑክስ ላይ ፍላሽሮም። ፋይሉን ለመመርመር ባይት በባይት የሚያሳየው ሄክስ ኤዲተርና ክፍሎቹን የሚለየው ቢንዎክ።
- መለማመጃ የሚሆን የተጣለ ቦርድ። ምናለሽ ተራ ወይም ከማንኛውም ጥገና ቤት ታገኛላችሁ። የመጀመሪያ ሙከራችሁ የሰው ዕቃ ላይ አይሁን።
- ባለ 8 መስመር ሎጂክ አናላይዘር፣ በቺፑ እግሮች የሚያልፈውን ምልክት የሚቀርጽ። ይህ ለጀማሪ ግዴታ አይደለም፤ የት እንደሚጠቅም መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ማስጠንቀቂያ

የራውተሩ አዳፕተር ተሰክቶ እያለ ክሊፑን ቺፑ ላይ አታድርጉ። ሁለት የኃይል ምንጮች አንድ መስመር ላይ ይጋጫሉ፤ ፕሮግራመሩ፣ ቺፑ ወይም የላፕቶፑ ዩኤስቢ ሊቃጠል ይችላል።

በበጋ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው። ሹራብ አውልቃችሁ ወዲያው ቦርድ ብትነኩ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ቺፑን ሊጎዳው ይችላል። መጀመሪያ ከኧርዝ ጋር የተገናኘ ብረት ንኩ።

ከቺፑ የምታነቡት ፋይል ውስጥ የባለቤቱ የዋይፋይ የይለፍ ቃልና ሌላም መረጃ ሊኖር ይችላል። ለጓደኛ አትላኩት፤ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም አትልቀቁት።

ደረጃ 1፦ ቺፑን ከመንካታችሁ በፊት ራውተሩ ምን እንደሚል ስሙ

ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። የሞተ የሚመስል ራውተር ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው አለው። ቦርዱ ላይ አራት ቀዳዳ ወይም አራት ፒን በአንድ መስመር ተደርድረው ካያችሁ የሲሪያል ወደቡ፣ ማለትም ሲነሳ ጽሑፍ የሚልክበት፣ ሊሆን ይችላል።

ራውተሩ ጠፍቶ እያለ መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጠው ቦታ አድርጉና ከአዳፕተሩ መሰኪያ ጂኤንዲ (የዜሮ ቮልት መስመር) ጋር የሚጮኸውን ፒን ፈልጉ። ጂኤንዲው እሱ ነው። ከዚያ አብሩትና የቀሩትን በዲሲ ቮልት ለኩ። 3.3 አካባቢ ሆኖ ሲነሳ ቁጥሩ የሚንቀጠቀጠው የመላኪያው ፒን ነው፤ ቲኤክስ ይባላል። እሱን ከመቀየሪያው መቀበያ፣ ማለትም ከአርኤክስ ጋር አገናኙ። ጂኤንዲውን ከጂኤንዲ ጋር። የቮልቱን ፒን አትንኩት፤ ራውተሩ የራሱ ኃይል አለው።

ላፕቶፑ ላይ የሲሪያል ጽሑፍ የሚያሳይ ተርሚናል ፕሮግራም ክፈቱና ፍጥነቱን 115200 አድርጉ። ጽሑፉ ዝብርቅርቅ ብሎ ከመጣ 57600ን፣ 38400ን፣ 9600ን ሞክሩ።

ይህ ደረጃ ለምን ይጠቅማል? የሚመጣው ጽሑፍ ቀጣዩን ሥራ ስለሚወስንላችሁ ነው። ማስነሻው፣ ማለትም ቡትሎደሩ፣ ስሙን ጽፎ፣ ከዚያ «ባድ ሲአርሲ» (ዳታው ተበላሽቷል) ብሎ ከቆመ ቡትሎደሩ ራሱ ደኅና ነው፤ የተበላሸው ከእሱ በኋላ ያለው ዋናው ሶፍትዌር ብቻ ነው። ብዙ ራውተሮች እዚህ ላይ በኔትወርክ ኬብል፣ ቲኤፍቲፒ በሚባለው ቀላል የፋይል መላኪያ አዲስ ሶፍትዌር ይቀበላሉ። ይህ ከተሳካ ሥራው አለቀ፤ ቺፑን መንካት አያስፈልግም። ምንም ካልመጣ ግን መጀመሪያ ቺፑ 8ኛ እግር ላይ (ከ1ኛው ፊት ለፊት ያለው ነው፤ 1ኛው እንዴት እንደሚታወቅ ደረጃ 2 ላይ አለ) 3.3 ቮልት መድረሱን ለኩ። ቮልቱ ከሌለ ችግሩ የኃይል ክፍሉ ነው፤ ሶፍትዌር አያድነውም። ቮልቱ ካለ ወደ ደረጃ 2።

ደረጃ 2፦ የቺፑን ስም አንብቡ

አዳፕተሩን ንቀሉ። ቺፑ ላይ የታተመው ጽሑፍ ደብዛዛ ነው። በአልኮል አብሱትና የስልካችሁን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ከዚያ በካሜራው አጉሉት። አንዱ ማዕዘን ላይ ትንሽ ክብ ጉድጓድ ታያላችሁ። እሷ ጋ ያለው እግር 1ኛው ነው፤ ፎቶ አንሱና አስቀምጡት።

በስሙ ውስጥ «25» ካለ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ መመሪያ ቺፕ ነው። በምሳሌያችን ላይ ያለው የዊንቦንድ 25ኪው64 ነው። 64 ማለት 64 ሜጋቢት ነው፤ ለ8 ስታካፍሉት 8 ሜጋባይት ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳትና የ64 ሜጋባይት ፋይል ሲፈልግ ይውላል።

ቮልቱንም ከስሙ ታገኙታላችሁ። በዊንቦንድ ከ64 ቀጥለው ከሚመጡት ፊደሎች ሁለተኛው «ቪ» ከሆነ 3 ቮልት፣ «ደብሊው» ከሆነ 1.8 ቮልት ነው። በማክሮኒክስ «25ኤል» 3 ቮልት፣ «25ዩ» 1.8 ነው። በጊጋዲቫይስ ደግሞ «25ኪው» 3 ቮልት፣ «25ኤልኪው» 1.8። የ1.8 ቺፕ ላይ 3.3 መላክ ቺፑን ሊገድለው ስለሚችል ለእሱ የሚሆነው ትንሽ የቮልት መቀነሻ አዳፕተር ሳይኖር እንዳትቀጥሉ።

ደረጃ 3፦ ፕሮግራመሩን ራሱን ለኩት

ጥቁሩ የሲኤች341ኤ ቦርድ የሚታወቅ ችግር አለበት። ለቺፑ ኃይል 3.3 ቮልት ይሰጣል፤ በዳታ መስመሮቹ ላይ ግን ወደ 5 ቮልት የሚጠጋ ይልካል። ዋናው ቺፑ ኃይሉን በቀጥታ ከዩኤስቢው 5 ቮልት ስለሚወስድ ነው።

ስለዚህ ቺፕ ሳታያይዙ ዩኤስቢው ላይ ሰኩትና ከጂኤንዲ አንጻር 8ኛውንና 1ኛውን መስመር ለኩ። ሁለቱም 3.3 አካባቢ ከሆኑ ጥሩ ነው። 1ኛው 5 አካባቢ ካሳየ እንዳለ አትጠቀሙበት። ቮልት መምረጫ ያለውን ሞዴል ግዙ፤ ወይም የፕሮግራመሩን ዋና ቺፕ በ3.3 እንዲሠራ የሚቀይርላችሁ ሰው ፈልጉ። በ5 ቮልትም ሲሠራ አይተናል የሚሉ አሉ። አንዳንዴ ይሠራል። ክሊፑ ቦርድ ላይ ሲሆን ግን ያ 5 ቮልት የሚደርሰው ለቺፑ ብቻ አይደለም፤ እስከ ራውተሩ ፕሮሰሰር ይዘልቃል።

ደረጃ 4፦ ክሊፑን አያይዙ

የቺፑን እግሮች በአልኮልና በብሩሽ አጽዱ። የክሊፑ ቀይ ሽቦ 1ኛው እግር ጋ ይሁን። ክሊፑን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱት፤ ሁለቱም ጎን እኩል መንከሱን በጎን ሆናችሁ እዩ። ሽቦው ከ15 ሳንቲሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሲረዝም ምልክቱ ይበላሻል። ዩኤስቢውን በመጨረሻ ሰኩ።

አሁን የራውተሩን መብራቶች እዩ። አንዷ ደብዘዝ ብላ እንኳ ከበራች ከፕሮግራመሩ የሚወጣው ኃይል ቦርዱን እየቀሰቀሰው ነው። ፕሮሰሰሩም ነቅቶ ቺፑን በራሱ ማንበብ ይጀምራል፤ ሁለታችሁ በአንድ መስመር እኩል እያወራችሁ ነው ማለት ነው። መፍትሔው 8ኛውን እግር ብቻ በመበየጃ አሙቆ ከቦርዱ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ያም ካልረዳ ቺፑን አንሱት፦ ፍላክስ ቀቡ፣ ሆት ኤሩን 350 ዲግሪ አካባቢ አድርጉ፣ ሊዱ ሲቀልጥ በፒንሴት ቀስ ብላችሁ አውጡት። ሳይቀልጥ ከጎተታችሁት የቦርዱ መስመር ተልጦ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ቺፑን ማንነቱን ጠይቁት

ሶፍትዌሩ ላይ «ዲቴክት» ወይም «ሪድ አይዲ» የሚለውን ተጫኑ። ቺፑ በሦስት ባይት ይመልሳል። ለዊንቦንድ 25ኪው64 መልሱ ኢኤፍ 40 17 ነው። ኢኤፍ ዊንቦንድ ማለት ነው፤ ማክሮኒክስ ሲ2፣ ጊጋዲቫይስ ሲ8 ይላል። የመጨረሻው ባይት መጠኑ ነው፦ 17 ማለት 8 ሜጋባይት፣ 18 ማለት 16።

አምስት ጊዜ ጠይቁት። አምስቱም አንድ ዓይነት ካልሆነ ወደፊት አትሂዱ። ሦስት ባይት በትክክል መመለስ ያቃተው ክሊፕ ስምንት ሚሊዮኑን በትክክል አያነብም።

ደረጃ 6፦ ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ አወዳድሩ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

«ሪድ» ብላችሁ አንብቡና አስቀምጡ። ፋይሉን በቀኑና በራውተሩ ሞዴል ሰይሙት። ከዚያ ዩኤስቢውን ንቀሉ፣ ክሊፑን አውልቁ፣ እንደገና አያይዙ፣ እንደገና አንብቡ። ክሊፑን የምናወልቀው ምክንያት አለው፦ አንድ እግር በደንብ ካልተነካ በዚያው አያያዝ ሁለቴ ብታነቡ ያው ስህተት ሁለቴ ሊመጣ ይችላል።

ሁለቱም ፋይሎች ልክ 8,388,608 ባይት መሆን አለባቸው። ከዚያ የሁለቱን ኤስኤችኤ256 ሃሽ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር መለያ፣ አውጡ። ሃሹ እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ ከሆነ ንባቡ ታማኝ ነው። በአንዲት ቢት ቢለያዩ እንኳ ሃሹ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ለዓይን ማየት በጣም ቀላል ነው።

ይህን የማጠብቀው ስለከፈልኩበት ነው። ሥራ ስጀምር የአንዲት እናት ራውተር መጣልኝ። አንዴ ብቻ አነበብኩ፤ ቸኩዬ የሌላ ተመሳሳይ ራውተር ፋይል ጻፍኩበት። ተነሳ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡና «ልጄ፣ መብራቱስ ይበራል፤ ግን ሳሎን ካልተቀመጥኩ በቀር ኢንተርኔት የለም» አሉኝ። የዋይፋዩ የማስተካከያ ቁጥሮች ያሉት በራሱ ቺፕ ውስጥ ነበር። ያስቀመጥኩትን ንባብ ከፈትኩት፤ ያ ቦታ ዝብርቅርቅ ነበር። አዲስ ራውተር ገዛሁላቸው።

እነዚያ ቁጥሮች ፋብሪካ ውስጥ ለእያንዳንዱ ራውተር ለየብቻ የተለኩ ናቸው። ማክ አድራሻውም (ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት መለያ ቁጥር) እንዲሁ የራሱ ነው። ኢንተርኔት ላይ አይገኙም፤ ያሉት እፊታችሁ ባለው ቺፕ ላይ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ፋይሉን ከፍታችሁ እዩት

በሄክስ ኤዲተር ክፈቱት። ከላይ እስከ ታች ኤፍኤፍ ብቻ ወይም 00 ብቻ ከሆነ ያነበባችሁት አየር ነው። ትክክለኛ ንባብ ውስጥ በቀኝ በኩል የሚነበቡ ቃላት ታገኛላችሁ፦ የቡትሎደሩ ስም፣ «115200»፣ የሞዴሉ ቁጥር።

ቀጥሎ በቢንዎክ አስመርምሩት። ቡትሎደሩ፣ የሶፍትዌሩ እምብርት የሆነው ከርነሉና ስኳሽኤፍኤስ የሚባለው የተጨመቀ የፋይል ክፍል ከየት እንደሚጀምሩ ይዘረዝርላችኋል። አድራሻዎቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። የአቴሮስ ፕሮሰሰር ባላቸው ብዙ ራውተሮች ላይ የመጨረሻው 64 ኪሎባይት የዋይፋይ ማስተካከያው ነው። ያን ክፍል ለብቻው ቆርጣችሁ ሌላ ፋይል ላይ አስቀምጡ።

ደረጃ 8፦ የሚጻፈውን ፋይል አዘጋጁ

ከአምራቹ ድረ ገጽ የሚወርደው የአፕዴት ፋይል ብዙ ጊዜ የቺፑ ሙሉ ይዘት አይደለም። ቡትሎደሩ ላይኖርበት ይችላል፤ የማስተካከያ ክፍሉ ደግሞ ፈጽሞ የለበትም። እሱን ከዜሮ አድራሻ ጀምሮ መጻፍ በሕይወት ያለ ቡትሎደርን መግደል ነው።

ትክክለኛው መንገድ የራሳችሁን ንባብ ቅጂ መውሰድ ነው። የተበላሸውን ክፍል ብቻ በአዲሱ ተኩ። መጀመሪያ ያለውን ቡትሎደርና መጨረሻ ያለውን ማስተካከያ አትንኩ። ቡትሎደሩ ራሱ ከተበላሸ ከሌላ ተመሳሳይ ራውተር ውሰዱ፤ ሞዴሉ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የተጻፈው የቨርዥን ቁጥርም አንድ ይሁን። ማክ አድራሻው ቡትሎደሩ ውስጥ የሚቀመጥበት ሞዴል ስላለ ከራውተሩ ጀርባ ካለው ወረቀት ጋር አመሳክሩት። ሲያልቅ መጠኑን እዩ፦ 8,388,608። አንድ ባይት እንኳ ሲጨመር ወይም ሲጎድል ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ቦታውን ይስታል።

ደረጃ 9፦ ጥረጉ፣ አረጋግጡ፣ ጻፉ፣ አመሳክሩ

ላፕቶፑ በባትሪም ይሥራ፤ እንቅልፍ እንዳይገባ ሴቲንጉን አስተካክሉ። ከዚያ በተራ፦ «ኢሬዝ»፣ «ብላንክ ቼክ»፣ «ፕሮግራም»፣ «ቬሪፋይ»። ፍላሽሮም የምትጠቀሙ ከሆነ የመጻፊያው ትእዛዝ መጥረጉንም ማመሳከሩንም ራሱ ይሠራል።

መጥረግ የማይዘለልበት ምክንያት ይህ ነው። ይህ ዓይነት ቺፕ ሲጻፍበት 1ን ወደ 0 መቀየር ይችላል፤ 0ን ወደ 1 መመለስ ግን አይችልም። ወደ 1 የሚመልሰው መጥረጉ ብቻ ነው። ሳይጠረግ ከተጻፈ አሮጌውና አዲሱ ተደራርበው ማንም የማያነበው ነገር ይወጣል።

«ቬሪፋይ» ስህተት ካለ ራውተሩን አታብሩት። እዚያው አስተካክሉ።

ደረጃ 10፦ አስነሱት

ዩኤስቢውን ንቀሉ፣ ክሊፑን አውልቁ፤ ያነሳችሁት እግር ወይም ቺፕ ካለ መልሳችሁ በይዱ። ሲሪያሉን እንደ ደረጃ 1 አገናኙና አዳፕተሩን ሰኩ። መብራቱን ሳይሆን ጽሑፉን እዩ። ከተነሳ በኋላ ማክ አድራሻው ጀርባው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ስልካችሁን ይዛችሁ ሌላ ክፍል ሂዱና ዋይፋዩን ሞክሩ።

ደረጃ 11፦ አሁንም ዝም ካለ

ሎጂክ አናላይዘሩ እዚህ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ጂኤንዲውን፣ ከዚያ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 5ኛና 6ኛ እግርን አገናኙ፤ ፐልስቪው በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ቅረጹና ራውተሩን አብሩ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ርካሹ አናላይዘር በሰከንድ 24 ሚሊዮን ጊዜ ያያል። አንድን ምልክት በደንብ ለመያዝ ቢያንስ አራት እጥፍ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከ6 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን አትመኑት። ራውተሮች ደግሞ ቺፑን ከዚያ በብዙ በሚበልጥ ፍጥነት ሊያነቡት ይችላሉ። የተተረጎመውን ባይት ትታችሁ እንቅስቃሴውን እዩ። 1ኛው እግር አንዴም ወደ ታች ካልወረደ ፕሮሰሰሩ ቺፑን አልጠራውም፤ ችግሩ ኃይሉ ወይም ፕሮሰሰሩ ነው። 1ኛው እየወረደ 2ኛው ዝም ካለ ቺፑ አልመለሰም፤ ብየዳውን ፈትሹ፣ ካልሆነ ቺፑን ቀይሩ። በየተወሰነ ጊዜ ያው እንቅስቃሴ ከመጀመሪያው ከተደጋገመ ቡትሎደሩ እየተነሳ እየወደቀ ነው፤ ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- *መታወቂያው ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ወይም 00 00 00 ነው።* ክሊፑ አልነካም፣ ተገልብጧል፣ ወይም ቺፑ ኃይል አላገኘም። ቺፑን በጣት ንኩት። ከሞቀ ተገልብጧል፤ ቶሎ ንቀሉ።
- *ዊንዶውስ ፕሮግራመሩን አላየውም።* ቦርዱ ላይ ያለው ጃምፐር ሲሪያል ላይ ሆኖ ይሆናል፤ ወይም የጫናችሁት ድራይቨር የሲሪያሉ ነው።
- *ማመሳከሩ ከመጀመሪያው አድራሻ ጀምሮ ይወድቃል፤ ቺፑ ላይ ያለው አሮጌው ነው።* የመጻፍ ክልከላው በርቷል። «ስቴተስ ሬጂስተር» የሚለውን ከፍታችሁ መጻፍ የሚከለክሉትን የቢፒ ቢቶች 0 አድርጉ። ካልተቀየሩ 3ኛው እግር ከጂኤንዲ ጋር ታስሮ እንደሆነ ለኩ።
- *ማመሳከሩ በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ ይወድቃል።* ሽቦው ወይም ክሊፑ ነው። ሽቦውን አሳጥሩ፣ ዩኤስቢውን ያለ ሃብ በቀጥታ ሰኩ።
- *ባለ 32 ሜጋባይት ቺፕ አንብባችሁ ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያው ቅጂ ሆኗል።* በሦስት ባይት አድራሻ መጥራት የሚቻለው 16,777,216 ባይት ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ትክክለኛውን የቺፕ ስም መርጣችሁ በአራት ባይት አድራሻ አንብቡ።
- *የላፕቶፕ ባዮስ ላይ የሌላ ማሽን ፋይል ተጽፎ ሲሪያል ቁጥሩ ተቀየረ።* ደረጃ 6 ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል ካለ ይመለሳል። ስለዚህ ያን ፋይል ዕቃው ከወጣ በኋላም ወዲያው አታጥፉት፤ እኔ ባለቤቱ «እሺ፣ ይሠራል» እስኪሉኝ ድረስ በይለፍ ቃል ቆልፌ አቆየዋለሁ።